በሳን ቤልትራን የተቀበረው ሩዝ

ሳን ቤልትራን፣ ፓናይ ደሴት
ጁን 9 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.

ውድ ማናንግ ሊሳ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ጉልበትሽም ልብሽም በርትቶ ታግኝሽ። የቶሪኖ ብርድ እስከ ሜይ አይለቅም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበርና የከተማችን ጠባቂ እመቤት በካባዋ ጫፍ ትሸፍንሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል። እናትሽ፣ አክስቴ ቲያ ቤለን፣ ሳሉ ያዝ ለቀቅ ቢያደርጋቸውም የጠዋት ቅዳሴ አያስታጉሉም። እኔን ባዩ ቁጥር «ይሄ የወንድሜ ልጅ አሁንም ከሲታ ነው፤ ፒያኖው ነው እንዴ የሚበላህ?» ይሉኛል።

የምሥራች አለኝ። ሙዚቃዊ ድራማ እየጻፍኩ ነው። ግጥሙንም ዜማውንም የምሠራው እኔው ነኝ። ለፌብሩዋሪው የንግሥ በዓል ዋዜማ በደብሩ አዳራሽ እናሳያለን፤ አባ ሴልሶ ፈቅደውልናል። ነገሩ ስለ ሩዙ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ከአውሎ ነፋሱ በኋላ የመጣው የእርዳታ ሩዝ፣ ጆንያው የተቀናቃኛቸውን የሴናተሩን ስም ይዟል ብለው ከንቲባ ላሴርና የቆለፉበት፣ የራሳቸው ፎቶ የታተመበት ጆንያ እስኪመጣ ሲጠበቅ ሻግቶ ከመቃብር ቦታው ኋላ በዶዘር የተቀበረው ሩዝ። ውሾች ቆፍረው ባያወጡት ኖሮ ሬዲዮውም ባልሰማ ነበር።

ለአንቺ ይህን መንገሬ ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የእርዳታ ክፍል ኃላፊ አንቺ ነበርሽ። እኔ ግን ያኔ ኢሎይሎ ከተማ ተማሪ ስለነበርኩ የማውቀው ሰው የሚያወራውን ብቻ ነው። እና እባክሽ ንገሪኝ፤ መጋዘኑ ምን ይሸት ነበር? በሩ ላይ የቆመው ሕዝብ ምን ይል ነበር? የማንንም ስም አልጠራም። ያዘልሽኝ ማናንግ፣ ታላቅ እህቴ ነሽና አታሳፍሪኝ።

ከቻልሽ የጊታር ክር ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው በሳምንቱ ይበጠሳል።

ታዛዥ ወንድምሽ
ዴልፊን


ቶሪኖ፣ ጣሊያን፣ ኦገስት 22 ቀን 1993

ለውድ ቶቶ ዴልፊን፣

እንዴት ከርመሃል፣ ታናሽዬ? በባሕሩም በሰማዩም ያለው ክፉ ሁሉ ከቤታችን ይራቅ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። መልሱ የዘገየው የምንከባከባቸው ሴትዮ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ነው። ሌሊትም ቀንም ከአጠገባቸው አልጠፋም። አንድ ቃል ሳይናገሩ ይውሉና ማታ ላይ «ፍሎር፣ ሾርባው ጨው የለውም» ይሉኛል። እዚህ ሁሉም ፍሎር ነው የሚለኝ፤ ፍሎርደሊሳ ብሎ የሚጨርስ ሰው የለም።

የጊታሩን ክር በካርቶኑ ውስጥ ከሳሙናው ሥር ታገኘዋለህ። ሁለት ዓይነት ነው የገዛሁት፤ የትኛው እንደሚሆን አላወቅኩም።

ስለ ሩዙ የምነግርህ የለኝም። ተቀብሯል አልክ አይደል? የተቀበረ ነገር ሲቆፈር የሚሸተው ለቆፋሪው ብቻ አይደለም። መጻፉ ግድ ከሆነብህ ስለ ከንቲባው ፎቶ ጻፍ። ፎቶው አገጬን ወፍራም አደረገው ብለው ጆንያውን ወደ ማተሚያ ቤት መልሰውት ነበር፤ እሱ ያስቃል። ቁልፍ የሚባል ነገር ግን እንዳታስገባበት። ይህን ብቻ ነው የምለምንህ።

አሁን አንተ ንገረኝ። እናቴ ገበያ ስትወጣ ሰው ያናግራታል? ቅዳሴ ላይ ከአጠገቧ ማን ይቀመጣል? እሷን ብጠይቃት «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አታውቅም። ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

የምትወድህ
ሊሳ


ሳን ቤልትራን፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1993

ውድ ማናንግ ሊሳ፣

ሰላም ለአንቺና ለሴትዮዋ ዳሌ። ክሩ ደረሰኝ፤ ሁለቱም ሆነ። የቡድኑ ልጆች «ማናንግ ሊሳን ቅድስት እመቤታችን ትጠብቃት» ብለዋል።

ልምምዱን የምናደርገው ከሰዓት በኋላ በበረዶ ፋብሪካው መጋዘን ነው። ዝናብ አይገባም፤ እግር ግን ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ጭፈራው ሁሉ ፈጣን ሆኗል። ከንቲባውን የሚጫወተው ማኖንግ ፓተርኖ ነው፣ ወደቡ ላይ ዓሣ የሚያጫርተው ጎረቤታችሁ። ድምፁን ታውቂዋለሽ፤ ማይክሮፎን ቢሰጡት ነውር ነው። የአገጩን ነገር ስነግረው ሆዱን ይዞ ስቆ በማግስቱ ከዳቦ ሊጥ የተሠራ የሚመስል አገጭ በጎማ ሠርቶ መጣ። «ፊቴ የት አለ?» የሚል ዘፈን ሠራንለት። ጆንያ እያነሳ በየጆንያው ፊቱን ይፈልጋል።

እንግዳም መጥቶብን ነበር። የምክር ቤቱ አባል ሲማኮ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ።

«መምህር ዴልፊን፣ ከንቲባው ለጥበብ ያላቸው ፍቅር መቼም ይታወቃል።»

«እናመሰግናለን።»

«የደብሩ አዳራሽ ጣሪያ ያፈሳል አሉ።»

«ያፈሳል።»

«የቅድስት ሪታ ሕይወት ሙዚቃ ቢገባበት እንዴት ያምራል። ጣሪያውም አብሮ ይታደስ ነበር።»

ፓተርኖ የዓሣ ሣጥን ላይ እንደ ቆመ፣ «ቅድስት ሪታም ሩዝ ቀብራለች እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሲማኮም ሳቀ። ሊወጣ ሲል ግን ዞር ብሎ፣ «ልጅህ የማዘጋጃ ቤቱን መኪና ጥሩ አድርጎ ይነዳል፣ ፓተርኖ። ቀጥ ያለ ልጅ ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ የዚያን ቀን ፓተርኖ አገጩን አላጠለቀም።

አባ ሴልሶ ጣሪያውን እያዩ ይተክዛሉ፤ ግን እስካሁን አልከለከሉንም።

እናትሽን ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል፤ አታስቢ። እንዲያውም በየቀኑ ልምምድ ያያሉ። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ስንጨርስ ተነስተው ይሄዳሉ። ሙዚቃ እንደዚህ እንደሚወዱ አላውቅም ነበር።

ወንድምሽ
ዴልፊን


ቶሪኖ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1993

ዴልፊን፣

ጤና ይስጥህ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአገራችን ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እንሰበሰባለን። አንዱ የፓንሲት ኑድል ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ካርታ ይዞ ይመጣል። ባለፈው እሑድ ሮዌና የምትባል አዲስ የመጣች ልጅ ነበረች። የእኛ ሰው አይደለችም፤ ከሳን ቤልትራን ማዶ ካለው ከተማ ናት። እዚህ ከመምጣቷ በፊት እናንተ በምትለማመዱበት የበረዶ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ትሠራ ነበር። ፊቴንም አታውቀው፣ ስሜንም አታውቀው።

«ከአገር ምን አዲስ ዘፈን አለ?» ብለው ያዟት። «አንድ አለ፤ በጣም ያስቃል፣ ስለ አንዲት ሌባ ነው» አለች። ከዚያ ሹካዋን እንደ ቁልፍ ካንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ወገቧን እየሰበቀች ዘፈነችው፤

ቁልፉን እንደ መስቀል ካንገቷ አንጠልጥላ፣
ሻገተ አለችን ደህናውን ነጥላ፤
ግማሹን ለአይጥ ሰጥታ፣ ግማሹን ለጓዳ፣
ለእኛ የተረፈን የደጅ ላይ ፍዳ።

ሁሉም ሳቀ። አንዴ ድገሚው አሏት። አጠገቤ የነበረችው ሴት ጉልበቴን እየመታች «ፍሎር፣ ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው? ቀልድ እኮ ነው» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛው ላይ አጨበጨብኩም።

ዜማው ጥሩ ነው። አንተ እንደሠራኸው ሳይነግሩኝ አወቅሁት፤ ልጅ ሆነህ ስታለቅስ ድምፅህ በዚያው ቦታ ላይ ነበር የሚሰበር።

ቁልፍ አታስገባ ብዬህ ነበር። እናቴ በየቀኑ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የምትሰማው ይህንን ነው?

አውጣው።

ሊሳ


ሳን ቤልትራን፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1993

ውድ ማናንግ ሊሳ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ ጠፍቶኝ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ቀደድኩት። እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን፤ ከእኔ ጋር መሆኑን እንጃ።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ወደ እናትሽ ሄድኩ። ጓሮ ተቀምጠው ዓሣ ይፍቁ ነበር።

«ቲያ፣ የቁልፉን ዘፈን ሰምተውታል?»

«ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ታዲያ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይቆጡኝም?»

«ለዘፈኑ መቼ መጣሁ? ማን እንደሚስቅ ለማየት ነው የምመጣው» አሉኝ፣ ቢላዋው እጃቸው ላይ ሳይቆም። «ፓተርኖ ይስቃል። የምትዘፍንልህ የጆሴሊን እናት መስኮቱ ላይ ቆማ ትስቃለች። አንተም ትስቃለህ፤ አንተ ግን አልበላህም።»

«ምኑን ነው ያልበላሁት?»

ያን ጊዜ ቢላዋውን አስቀመጡት። ጠባቂዎቹ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ አንቺ የመጋዘኑን የባሕር በኩል በር እንደምትከፍቺ፣ የባሕር ዳር ቤቶች በሙሉ በታንኳ እየመጡ ያልሻገተውን እንደሚጭኑ፣ ለአራሶች ቤት ራስሽ ተሸክመሽ እንደምታደርሺ ነገሩኝ። ነገሩ በሬዲዮ ሲወጣ ከንቲባው ጣታቸውን አንቺ ላይ ቀሰሩ፤ «ደህናውን ሰርቃ ሸጣ፣ የቀረውን አሻገተችው» አሉ። አንቺ ለእነ እገሌ ሰጠሁ ብትዪ እነ እገሌ በሌብነት ተባባሪ ሆነው ይጠየቁ ነበር። ስለዚህ ዝም አልሽ። እነሱም ዝም አሉ። «አገር ለቃ ከሄደች ክስ የለም» ተባለ፤ ሄድሽ። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ አታስገባ ያልሽውንም ችላ ብዬ፣ ሰው የሚቀልድባት ባለ ቁልፏ አንቺ መሆንሽን ሳልጠይቅ፣ ለዝምታው ዜማ ሠራሁለት።

እናትሽን ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል ያልኩሽም ልክ አልነበረም፤ ገበያም ቅዳሴም ብቻቸውን ናቸው። ፓተርኖን ወደቡ ላይ አገኘሁት። «በልተሃል?» አልኩት። ጨረታውን አቆመ። «የመጨረሻዋ ልጄ ያኔ ሁለት ወሯ ነበር» አለኝ። «ሚስቴ ወተቷ ደርቆ ነበር። በላን እንጂ።» «ታዲያ እንዴት ትስቃለህ?» «ካልሳቅኩ ሰው ምን ይለኛል?» ጆሴሊን፣ የቁልፏን ሴት የምትጫወተዋ የበረዶ ፋብሪካው ገንዘብ ተቀባይ፣ እናቷን ጠይቃ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። «ያንን ዘፈን ካሁን በኋላ አልዘፍነውም» አለች።

አወጣሁት። ግን ሌላ ጻፍኩ። ማን ምን እንደበላ፣ ማን ዝም እንዳለ በዝርዝር የሚናገር። ከሠራኋቸው ሁሉ ይበልጣል። ፍቀጂልኝ። ስምሽ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ይጸዳል።

የማይረባው ወንድምሽ
ዴልፊን


ቶሪኖ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1994

ለቶቶ ዴልፊን፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልህ። በገና ዕለት ሴትዮዬ ስሜን እስከ መጨረሻው ጠሩት፤ በሁለተኛው ቀን አረፉ። አሁን ከአገራችን ሴቶች ጋር አራት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለሁት። ሥራ እየፈለግኩ ነው። ይህን ለእናቴ አትንገራት።

አልፈቅድም።

ዘፈንህ ጥሩ እንደሆነ አልጠራጠርም። መጀመሪያውም ጥሩ ነበር። ግን አስብ። የፓተርኖ ልጅ የማዘጋጃ ቤቱን መኪና ነው የሚነዳው። የጆሴሊን እናት ገበያው ውስጥ ያላት መደብ በከንቲባው ፊርማ ነው። አንተ መድረክ ላይ ዝርዝር ስታነብ ሲማኮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። እኔ ሩዝ ሰጠሁ እንጂ አላበደርኩም። ከአምስት ዓመት በኋላ በአንተ ጊታር አላስከፍልም። በእኔ የተነሳ አንድ ሰው እንኳ ከሥራው ቢወጣ በከንቱ ነው አገር የለቀቅኩት።

አንተ ደግሞ ስሜን ስለማጽዳት አትጨነቅ። ስሜን ያቆሸሸው ዘፈንህ አይደለም። በየቀኑ በደጃችን የሚያልፉት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ያውቁታል።

በጁን የጠየቅከኝን አሁን ልመልስልህ። መጋዘኑ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሸትም ነበር፤ ቆይቶ እንደ ቢራ ይሸት ጀመር። በሩ ላይ የቆሙት ደግሞ አይጮሁም ነበር። ሰው ሁሉ የሚመስለው ይጮሁ እንደነበር ነው። ልጆቹ ማልቀስ ሲጀምሩ ሴቶቹ እንዳይሰሙባቸው የመረብ መጎተቻውን ዘፈን ይዘፍኑ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ ሥራ ላይ ያሉ ይመስል። እኔ ከውስጥ ቁልፉን ይዤ እሰማ ነበር።

ገመዱን ሳብ ሳብ አርግ፣ ወንድሜ በርታልኝ፣
ባሕር ሆደ ሰፊ፣ የድርሻዬን ስጠኝ።

የኋላውን በር መክፈት የጀመርኩት በዚህ ዘፈን ነው እንጂ በጀግንነት አይደለም። አልቻልኩትማ።

ዘፈን ካማረህ ይኸው። የኔን ነገር ግን ተው።

እህትህ
ሊሳ


ሳን ቤልትራን፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1994

ውድ ማናንግ ሊሳ፣

ጸሎቴ ሥራ እንድታገኚ ነው፤ አግኝተሽ ከሆነም የሚያዩሽ ዓይኖች ደግ እንዲሆኑ።

አሳየን። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

አዳራሹ ከነመስኮቱ ሞልቶ ነበር። ሰው ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ ነው የመጣው። ከንቲባው አልመጡም፤ ሲማኮ ግን ፊት ረድፍ ላይ ነበር፣ ባለቤቱም አብራው። ገና ሳንጀምር መብራት ጠፋ። በዚህ ዓመት መብራት የማይጠፋበት ቀን የለምና ማንንም አላማሁም፤ የዓሣ አጥማጆቹን ፋኖሶች መድረኩ ላይ ደረደርናቸው። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ዝም አለ፣ ከበሮና ተራው ጊታር ቀረን።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሰው በሳቅ ሞተ። ፓተርኖ «ፊቴ የት አለ?» እያለ ጆንያውን ሲገለብጥ ሲማኮ ራሱ በመሐረብ አፉን ይዞ ነበር።

ከዚያ የቁልፉ ቦታ ደረሰ። ያልሽውን አድርጌያለሁ፤ ዝርዝሩን ቀድጄዋለሁ፣ የማንም ስም የለም። ጆሴሊን ለብቻዋ መሐል ላይ ቆመች። አትዘፍንም፣ አትንቀሳቀስም። መዘምራኑ ከመድረክ ወርደው በሰዉ መሐል፣ በመተላለፊያው ቆመው ነበር፤ የመረቡን ዘፈን ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ ቀስ ብለው ጀመሩት። ማናንግ፣ ያን ዘፈን ሰምቶ ዝም የሚል የባሕር ዳር ሰው የለም። አሮጊቶቹ ከልማድ የተነሳ ተቀበሉት። ወንዶቹም። አዳራሹ ሙሉ ይዘፍን ነበር። ከዚያ «የድርሻዬን ስጠኝ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፁ ከኋላ በኩል እየሳሳ መጣ። አንዱ አቆመ፣ ሌላው አቆመ። የት እንደዘፈኑት ትዝ አላቸው። ጥቂት ልጆች ብቻቸውን ቀርተው ሲዘፍኑ እናቶቻቸው አፋቸውን ያዙ።

ቀጥሎ ፓተርኖ ገብቶ ጆሴሊን ላይ ጣቱን እየጠቆመ «ሌባዋ ይቺ ናት!» ማለት አለበት። ከንቲባው ያኔ ያሉት ነው፤ ልተወው አልቻልኩም። በልምምድ ላይ እንደ ጨረታ ነበር የሚጮኸው። ገባ። ጣቱን አነሳ። ጆሴሊንን አላየም፤ መጨረሻው አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን እናትሽን ነው ያየው። ቃሉን አለው፤ አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚነገር ምስጢር፣ በትንሽ ድምፅ። ማንም አልሳቀም።

ሲያልቅ የሚያጨበጭብ አልነበረም። ሰዉ ወንበሩን አንስቶ ከቀብር እንደሚመለስ ሁሉ ዝም ብሎ ሄደ። እኔ ወደቅን ብዬ መጋረጃው ኋላ ተቀመጥኩ። እናትሽ መጥተው ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ዛሬ ጥሩ ነበር፤ ማንን እንደማይ ግራ ገባኝ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ አዳራሹ ለሕዝብ ደህንነት ያሰጋል ተብሎ ታሸገ፤ ሁለተኛው ምሽት ቀረ። ትምህርት ቤቱ ከጁን ጀምሮ በእኔ ቦታ ሌላ የሙዚቃ መምህር እንደቀጠረ ርእሰ መምህሩ እግሩን እያየ ነገረኝ። አባ ሴልሶ ወደ ተራራው ደብር ይዛወራሉ ይባላል። ፓተርኖንና ልጁን እስካሁን ማንም አልነካም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከትርኢቱ በኋላ እናትሽ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ደጁ ላይ ሩዝ ማግኘት ጀመሩ። በጣሳ፣ በፌስታል፣ አንድ ቀን በባርኔጣ። ማን እንደሚያስቀምጠው አይታይም። እሳቸው አይቀምሱትም፤ ለዶሮ ይበትኑታል። «ዶሮዎቼ ሊፈነዱ ነው» ይላሉ። እኔ ምን ልበላቸው?

ወንድምሽ
ዴልፊን


ቶሪኖ፣ ማርች 13 ቀን 1994

ውድ ቶቶ ዴልፊን፣

እግዚአብሔር ያጣኸውን በሌላ በር ይመልስልህ። ስለ ትምህርት ቤቱ በጣም አዘንኩ። አንድ ሰው እንኳ ከሥራው እንዳይወጣ ብዬህ ነበር፤ አንተን ግን አልቆጠርኩህም ነበር። ይህንን ሳስብ አድሬያለሁ።

ሥራ አግኝቻለሁ። ሁለት ሕፃናት ነው፤ ይጮሃሉ፣ ደስ ይላል።

ደብዳቤህን ትራም ውስጥ ነበር ያነበብኩት። ሩዙ ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። አምስት ዓመት ሙሉ እናቴ ብቻዋን ገበያ ስትወጣ፣ ብቻዋን ቅዳሴ ስትቀመጥ ያዩ ሰዎች አሁን በጨለማ ጣሳ አስቀምጠው ይሮጣሉ? ቃል አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከመናገር ግን ሩዝ ማስቀመጥ እኮ ይቀላል። መልስላቸው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ለማን እንደሚመለስ ደግሞ አይታወቅም።

ስለዚህ ለእናቴ እንዲህ በላት። ለዶሮ መስጠቱን ትተወው። ታጠራቅመው። የፋሲካ ማግስት በትልቁ የሠርግ ድስት ሁሉንም ትቀቅለውና በሯን ትክፈት። የሚበላ ይግባ። ግን ደጁ ላይ ስሙን ይናገር። ምን እንደበላም ይናገር፤ ለእሷ ብቻ፣ በጆሮዋ። ሲማኮ መስማት የለበትም፣ ከተማው መስማት የለበትም። እሷ ትስማ። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

ማን እንደመጣ ጻፍልኝ። ማንም ካልመጣም ጻፍልኝ።

ሊሳ


ሳን ቤልትራን፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1994

ውድ ማናንግ ሊሳ፣

ትንሣኤው ለእኛም ለአንቺም ይድረሰን። እንዳልሽው ሆነ፤ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሻለሁ።

መልእክትሽን ለእናትሽ አነበብኩላቸው። ሰኞ ጠዋት ድስቱን ጉልቻ ላይ አግኝቼዋለሁ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ደጁ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። እኔ ማማሰያ ይዤ ውስጥ ነበርኩ። ረፋዱ አለፈ። ሰው በመንገዱ ማዶ በኩል ያልፋል፣ ሰላም ይላል፣ ይሄዳል። ሩዙ ሥሩ መያዝ ጀመረ።

መጀመሪያ የመጣው ፓተርኖ ነው፤ የራሱን ሳህንና ሁለት የደረቀ ዓሣ ይዞ። እናትሽ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቁትን ሰው «ማን ልበል?» አሉት።

«ፓተርኖ ነኝ፣ ቲያ።»

«ምን በላህ?»

አጎንብሶ በጆሯቸው ነገራቸው። ረጅም ነበር። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሲጨርስ «ግባ» አሉት። ገብቶ በላ፤ እያለቀሰ ስለነበር የዓሣውን አጥንት እኔ ነኝ የለቀምኩለት።

ቀጥላ ጆሴሊን እናቷን እጇን ይዛ መጣች። እናቲቱ ወደ ጆሯቸው አጎነበሰች። እሷም ተናግራ ገባች።

ሦስተኛው ኢስኮ ነው። ታስታውሺዋለሽ፣ ከመጋዘኑ ጠባቂዎች አንዱ። እኔ ሳየው ሲማኮ የላከው መስሎኝ ብድግ አልኩ። እናትሽ ግን እንደ ሌላው ሁሉ ስሙን ጠየቁት።

«ምን በላህ?»

እሱ በጆሮ አልተናገረም፤ ደንግጦ ስለነበር ጮክ አለበት። «ሩዙን አልበላሁም፣ ቲያ። ምሳዬን ነው የበላሁት። በሩ ሲከፈት ድምፁን እሰማው ነበርና ምሳዬን አርዝሜ እበላ ነበር። ጓደኞቼንም ወሬ እያወራሁ አቆያቸው ነበር። ለሊሳ ነግሬያት አላውቅም።»

እናትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። ከዚያ በርጩማቸውን ለእሱ ለቀቁለት።

ሌላ የመጣ የለም። ሁለት ሦስት ሰው ደጁ አጠገብ ደርሶ ተመልሷል። ሌሎቹ በመስኮት መጋረጃ ኋላ ቆመው ነበር፤ መጋረጃዎቹ ሲነቃነቁ ይታይ ነበር። ሲመሽ ከድስቱ ገና ከግማሽ በላይ ቀርቶ ነበር። እኔ ተናድጄ «ቲያ፣ በሩን ልዝጋው? ይህን ለዶሮዎቹ ልስጠው?» አልኳቸው።

እናትሽ የድስቱን ክዳን ገጥመው መንገዱን አንዴ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ለዶሮ አይሰጥም። ነገም ይሞቃል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይቀቀላል» አሉኝ።

ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ደጁ ላይ እንደተቀመጡ ነው።

ወንድምሽ
ዴልፊን